የመርከበኛ መታወቂያ ከሲማን ቡክ በምን ይለያል? አንድ ሀገርስ ለመስጠት ምን ማሟላት አለበት?

የለገሃር መርከበኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ለገሃር አካባቢ ባሕር ላይ ለመሥራት ወረቀት ለማሟላት ላይ ታች የሚሉ ልጆች ሲያገኙኝ አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ። «ሲማን ቡክ አለኝ፣ ፓስፖርት አለኝ፣ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት መታወቂያ ነው?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሲማን ቡክ የሥራ ታሪክህ ነው። የትኛው መርከብ ላይ መቼ ወጣህ፣ መቼ ወረድክ፣ በምን ማዕረግ ሠራህ የሚለው ይመዘገብበታል። ፓስፖርት የዜግነትና የጉዞ ሰነድ ነው። የመርከበኛ መታወቂያ ከሁለቱም ይለያል። «ይህ ሰው መርከበኛ ነው፣ ማንነቱንም እኔ አረጋግጫለሁ» ብሎ አንድ መንግሥት ለሌላው የሚሰጠው ቃል ነው። ራሱን የቻለ ሰነድ እንጂ ፓስፖርት አለመሆኑም እዚያው ሰነዱ ላይ ይጻፍበታል።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 እ.ኤ.አ. ስምምነት ቁጥር 108ን አውጥቶ ነበር። ችግሩ ሁሉም ሀገር በየራሱ መልክ ማተሙ ነው። የወደብ ሹም የማያውቀው ወረቀት ሲቀርብለት የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ፎርጅድ እንደሆነ መለየት ይቸግረው ነበር። ከ2001ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ ደግሞ ወደቦች ሁሉ ጥበቃቸውን አጠበቁ። ያኔ ነው በጁን 2003 ስምምነት ቁጥር 185 የጸደቀው። ሥራ ላይ የዋለው በፌብሩዋሪ 2005 ነው።

የስምምነቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። መርከበኛው ማንነቱን በሚገባ ያስመረምራል። በምላሹ መርከቡ ወደብ ሲደርስ ለአጭር ጊዜ ወርዶ ለመመለስ ቪዛ አይጠየቅም። ሾር ሊቭ የምንለው ማለት ነው። ወር ሙሉ ብረት ላይ ሲራመድ ለከረመ ሰው መሬት መርገጥ ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ካርድ ማተም ቀላሉ ሥራ ነው። ካርዱ ቼክ ነው፣ ከጀርባው ያለው የመረጃ ቋት ደግሞ ሒሳቡ ነው። ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ቼኩ ምን ያደርጋል? ስምምነቱን ያጸደቀ ሀገር የኤሌክትሮኒክ መረጃ ቋት ማቋቋም አለበት። ከሌላ ሀገር ሲደወል ቀንም ሌሊትም፣ ሰባቱንም ቀን የሚመልስ ቢሮ መሰየም አለበት። ባዶ ካርዶች የት እንደሚቆለፉ፣ ማን እንደሚቆጥራቸው መታወቅ አለበት። አሠራሩ ሁሉ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ በገለልተኛ ወገን መገምገም አለበት።

የስልኩ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። ወደቡንም ሀገሩንም አልጠራም። ጠዋት ገባን። የኢሚግሬሽኑ ሹም ከጋንግዌዩ (ከመርከቡ መውጫና መውረጃ መሰላል) ራስ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ወረቀት ማየት ጀመረ። አብሮን የሚሠራ አንድ ሞተሪስት፣ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ማለት ነው፣ ከሀገሩ የተሰጠውን ካርድ አቀረበ። ካርዱ ከእጅ ጋር ሲታሽ ከርሞ ከቁጥሩ አንዷ ደብዝዛለች። ሹሙ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አያት፣ በጥፍሩም ጫር ጫር አደረጋት። ጠረጠረ። መጠርጠሩ ሥራው ነው፣ አልፈረድኩበትም። ካርዱ ላይ ወደተጻፈው የሰጪው መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። በልጁ ሀገር በዓል ነበር። ሹሙ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ካርዱን መለሰለትና መውረድ እንደማይችል ነገረው። እናቱ ታማበት ድምፅዋን ለመስማት የቸኮለ ሰው ነበር። ሌሎቻችን ስንወርድ ሲም ካርድ እንድንገዛለት ዶላር አስያዘን። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ያ ያልተነሳ ስልክ ነው።

ስለዚህ ሀገራችን ለመርከበኞቿ የምትሰጠው ሰነድ ሁሉ ከጀርባው እንዲህ ያለ የሚሠራ ቢሮ እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ጥያቄ ያለው ይጻፍ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ካዴት ከባሕር ዳር
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳን ሰው አልነበረም። ጥያቄ አለኝ። ለፋይዳ አሥሩንም ጣቴን፣ ዓይኔን፣ ፊቴን ሰጥቻለሁ። እሱ ለምን አይበቃም? ደግሞስ ለመርከበኛ መታወቂያ አሻራ እንደገና ይወሰዳል የሚባለው እውነት ነው?

የካዛንቺስ ሲስተም
እዚህ ላይ እኔ ልግባ፣ ሥራዬ ከመታወቂያ ሲስተም ጋር የተያያዘ ነው።

ከአሻራው ልጀምር። በ2003ቱ ስምምነት አሻራ ነበረበት። የሁለት ጣት አሻራ ወደ ቁጥር ተቀይሮ ካርዱ ላይ በባርኮድ ይታተም ነበር። በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ሥራ ላይ ሲመጣ ግን ያንን ባርኮድ ለማንበብ ለመርከበኛ ብቻ የሚያገለግል ልዩ ማሽን ያስፈልጋል። የትኛው ወደብ ነው ለዚህ ብቻ ብሎ ማሽን የሚገዛ? በጣም ጥቂቱ። በዚያው ጊዜ ግን የኢሚግሬሽን ጠረጴዛዎች ሁሉ የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ማንበቢያ እያስገቡ ነበር። ስለዚህ በ2016 እ.ኤ.አ. የስምምነቱ አባሪዎች ተሻሻሉ። አሻራው ቀረ። በምትኩ የፊት ምስል በቺፕ ውስጥ ይቀመጥ ተባለ። አሠራሩም ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለፓስፖርት ያወጣውን መስፈርት፣ ሰነድ 9303 የሚባለውን፣ እንዲከተል ሆነ። ማሻሻያው ከጁን 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ፓስፖርት የሚያነብ ማሽን ካርዱንም ያነባል። በእኔ እይታ ስምምነቱን ከመሞት ያዳነው ይህ ለውጥ ነው።

ቺፑ ውስጥ ያለው መረጃ ሰጪው ሀገር በዲጂታል ፊርማ የፈረመበት ነው። አንዲት ፊደል ብትነካ ፊርማው ይበላሻል፣ ማሽኑም ያውቃል። ግን ፊርማውን ለማረጋገጥ የሌላው ሀገር ኢሚግሬሽን የእኛን የማረጋገጫ ቁልፍ አስቀድሞ ማግኘት አለበት። ቁልፉን ለዓለም ያላሰራጨ ሀገር ቺፕ ያለው ካርድ ቢያትምም ዋጋ የለውም።

ወደ ፋይዳ ስንመጣ፣ ፋይዳ በኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪነትህንና ማንነትህን ያረጋግጣል። የሲንጋፖር ሹም ጠረጴዛ ላይ አይነበብም። ሌላም አለ፤ ፋይዳ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር የውጭ ዜጋም ይሰጣል፣ ስለዚህ ዜግነትን አያረጋግጥም። ለመርከበኛ መታወቂያ ግን ሦስት ነገር ማረጋገጥ አለብህ፦ ማንነትህን፣ ዜግነትህን፣ መርከበኛ መሆንህን። ፋይዳ የመጀመሪያውን በጣም ያቀልልሃል። በሌላ ስም ሁለተኛ ካርድ ማውጣትንም ይዘጋል። ሁለተኛው የኢሚግሬሽን፣ ሦስተኛው የማሪታይም ባለሥልጣን ድርሻ ነው። የሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ሲስተም እርስ በርስ ካልተነጋገረ ግን አመልካቹ ፎቶኮፒ ይዞ ከጥቁር አንበሳ ለገሃር፣ ከለገሃር ጥቁር አንበሳ ሲመላለስ ይውላል።

አንድ የግሌን ሐሳብ ልጨምር። ማመልከቻ የሚቀበለው፣ የሚያጣራውና የሚያትመው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ፎርጅድ ከውጭ ማተሚያ ቤት ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ሊወጣ ይችላል።

እውነቱን እንነጋገር
አትቀየሙኝና እኔ ጥቅሙ አይታየኝም። አሜሪካ ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። ዛሬም መርከበኛ የዲ ቪዛ (የመርከብ ሠራተኛ ቪዛ) ከሌለው እዚያ አይወርድም። ትልልቆቹ እንዲህ ከሆኑ እኛ ባሕር የሌለን ሀገር ለምን ገንዘብ እናፈሳለን? ለልጆቹ ቪዛ ማስጨረስ አይሻልም?

የለገሃር መርከበኛ
ስለ አሜሪካ ያልከው ልክ ነው። በሌላው ግን አልስማማም።

ባሕር የለንም፣ መርከበኛ ግን አለን። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1964 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው። ዛሬም መርከቦቻችን የኋላ አካል ላይ ከስማቸው ሥር «አዲስ አበባ» ተብሎ ተጽፎ ዓለምን ይዞራሉ። በባሕር ዳርና በባቦጋያ የሚሠለጥኑት ልጆች ደግሞ በውጭ መርከቦች ላይ ጭምር እየሠሩ ነው። ይህ ካርድ የሚሰጠው በመርከቡ ባንዲራ አይደለም፣ በመርከበኛው ዜግነት ነው። የላይቤሪያ ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ ላይ የሚሠራ የጎጃም ልጅ ካርዱን የሚጠብቀው ከሀገሩ ነው። ሌላ ማን ይሰጠዋል?

ደግሞ ከማን ጋር እንደምንወዳደር እይ። ፊሊፒንስ በ2012 አጽድቃለች። ህንድ በ2015 አጽድቃ ከ2019 ጀምሮ በፊት ምስል የሚሠራውን አዲሱን ካርድ መስጠት ጀምራለች። ሁለቱም ለዓለም መርከብ ሰው በማቅረብ ስማቸው ከፊት ነው። ኩባንያ ሠራተኛ ሲመርጥ ወረቀቱ የማያስቸግረውን ይመርጣል።

ቪዛ ይሻላል ላልከው፣ መርከብ የት እንደሚሄድ ቀድሞ አይታወቅም። ባሕር መሀል ላይ ሳለህ ትእዛዝ ይመጣና አቅጣጫ ይቀየራል። ለየትኛው ሀገር ቪዛ አስመትተህ ትጨርሳለህ? ለዚህ ነው ስምምነቱ ለሾር ሊቭ ቪዛ አያስፈልግም ያለው። ይህን ሙሉ በሙሉ መፈጸም ያልቻለ አባል ሀገር እንኳ በመሠረቱ ተመጣጣኝ የሆነ ሌላ መንገድ ማዘጋጀት አለበት።

2020ን አስታውሱ። በኮሮና ጊዜ ወደ 400,000 የሚጠጉ መርከበኞች ውላቸው አልቆ መውረድ አልቻሉም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሀገሮች መርከበኛን እንደ አስፈላጊ ሠራተኛ እንዲቆጥሩት ጠየቀ። የዓለምን እህልና ነዳጅ የሚያመላልስ ሰው ማን እንደሆነ በቀላሉ የሚያሳይበት ሰነድ ይገባዋል ባይ ነኝ።

እውነቱን እንነጋገር
ስለ አቅጣጫ መቀየሩ ያሉት አሳመነኝ፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር። በጀቱ ግን አሁንም ያሳስበኛል።

የካዛንቺስ ሲስተም
በጀቱ ላይ፣ ከባዶ መጀመር አይጠበቅም። የፓስፖርት ማተሚያ፣ የቺፕ ፊርማ ሥርዓት፣ የፊት ምስል መቀበያ ሀገር ውስጥ ባለበት ለመርከበኛ ብቻ ሌላ ፋብሪካ አያስፈልግም። የሚጨምረው ቋቱና ሌሊት ተረኛ ሆነው ስልክ የሚያነሱ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

የካዴት እህት
ሰላም ጋሼ። የወንድሜ ነገር አስጨንቆኝ ነው። መርከብ ላይ እናስቀጥርሃለን ያለው አንድ ኤጀንት ፓስፖርቱንና ሲማን ቡኩን «ለአደራ» ብሎ ከወሰደ ቆየ። አሁን ሲጠይቀው ለቦታ ማስያዣ ገንዘብ አምጣ ይለዋል። ስታዲየም አካባቢ ያለው ቢሮው ሄደን ነበር፣ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሰናል። ምን እናድርግ?

ጠበቃ ነኝ
እህቴ፣ አይዞሽ። ሁለት ነገር ልንገርሽ።

አንደኛ፣ የመርከበኛ መታወቂያን በተመለከተ ስምምነት 185 ግልጽ ነው። ካርዱ ሁልጊዜ በመርከበኛው እጅ ይሆናል። ለጥበቃ ሊይዝለት የሚችለው የመርከቡ ካፒቴን ነው፣ እሱም መርከበኛው በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ። ኤጀንት የሚባል እዚያ ውስጥ የለም። ለሌሎቹም ሰነዶች ይህንኑ ልማድ አድርጉ። ዋናውን አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ይዛችሁ ውጡ።

ሁለተኛ፣ ስለ ገንዘቡ። ኢትዮጵያ የ2006ቱን የማሪታይም ሠራተኞች ስምምነት በ2019 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። በዚያ መሠረት ለምልመላና ለቅጥር ከመርከበኛ ላይ ክፍያ አይወሰድም፣ በቀጥታም በተዘዋዋሪም። መርከበኛው ራሱ የሚሸፍነው በሀገር ሕግ የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ፣ ሲማን ቡኩንና ፓስፖርቱን ወይም ተመሳሳይ የግል የጉዞ ሰነዱን ነው። ቪዛ ካስፈለገ እንኳ ወጪው የመርከቡ ባለቤት ነው። «ቦታ ማስያዣ» የሚባል የለም።

ሰነዶቹን እንዲመልስ በጽሑፍ ጠይቁት፣ የደረሰኝ ፊርማ ያዙ። ካልመለሰ በዚያው ወረቀት ለማሪታይም ባለሥልጣኑም ለፖሊስም አመልክቱ። ገንዘብ ግን አትስጡ። በቃል ብቻ የሚደረግ ልመና ጊዜ ያስገድላችኋል።

በነገራችን ላይ፣ የመርከበኛ መታወቂያ አመልክቶ የተከለከለም ሰው አስተዳደራዊ ይግባኝ የማለት መብት በስምምነቱ ውስጥ አለው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

የካዴት እህት
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነገ ጠዋት ደብዳቤውን ይዘን እንሄዳለን።

ፎቶ ቤት አራት ኪሎ
እኔ መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ ፎቶ አንሺ ነኝ። ፒያሳ ሳለን ጀምሮ የፓስፖርት ፎቶ አነሳለሁ። ስለ ፊት ምስሉ ስታወሩ አንድ ነገር ልበል። ደንበኛ ሲመጣ «ትንሽ አጥራልኝ፣ ቀላ አድርገኝ፣ ይቺን ጠባሳ አጥፋልኝ» ይላል። ለማስታወሻ ፎቶ እሺ። ማሽን ለሚያነበው ሰነድ ግን ፎቶሾፕ የነካው ፊት አትስጡ። ዳራው ነጣ ያለ ይሁን፣ አፍ ይዘጋ፣ ፈገግታ አይኑር፣ መነጽር ይውለቅ፣ ፊት ላይ ጥላ አይረፍ። ጠባሳህ ያንተ ነው፣ ይቆይ። መርከብ ላይ ለሚሠራ ልጅ ሁሉ ይህን እየነገርኩ ነው የማነሳው።

የለገሃር መርከበኛ
ወንድሜ ተባረክ። እንደ አንተ ያለ ፎቶ አንሺ ብዙ ችግር ይቀንሳል።

በዚሁ ስምና የልደት ቀንን ላንሳ። የእኛ ልጆች በብዛት የሚጉላሉት በዚህ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት፣ የሥልጠና ሰርተፍኬቱ ላይ ሌላ ዓይነት ይጻፋል። አንዱ ላይ እስከ አያት ድረስ፣ ሌላው ላይ የአባት ስም ብቻ። ለእኛ ያው ሰው ነው። ለውጭ ሹም ግን ሁለት ሰው ነው።

ልደት ደግሞ ይብሳል። መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነው የተወለደው። ብዙ ሰው ግን 8 ደምሮ 1998 ያስጽፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ሁሉንም ወረቀታችሁን አልጋ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ አስተያዩ።

ካዴት ከባሕር ዳር
ጋሼ፣ ቋት ቋት ሲባል አንድ ነገር ይከብደኛል። ስለኔ ምን ምን ነው የሚቀመጠው? የፈለገ ሁሉ ያየዋል?

የካዛንቺስ ሲስተም
ጥሩ ጥያቄ ነው። ስምምነቱ ቋቱ ውስጥ የሚገባውን ገድቦታል። ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ካርዱ ላይ ያለው ሙሉ ስምህ፣ የካርዱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ወይም የታገደበት ቀን፣ የፊት ምስልህ። ከዚህ ሌላ እኔ በጣም የምወደው አለ፦ ስለ ካርድህ የቀረበ ጥያቄ ሁሉ ይመዘገባል። ስለዚህ ማን እንደጠየቀ ዱካው ይቀራል።

አንተም መብት አለህ። ስለራስህ የተያዘውን አይተህ ስህተት ካለ በነፃ ማሳረም ትችላለህ። ቺፑ ውስጥ ያለውን በዓይን ማንበብ ስለማይቻል ሰጪው ወገን ራስህ የምታይበት ማሽን በሚመችህ ቦታ ማቅረብ አለበት። እኔ ብሆን አንዱን አዲስ አበባ፣ አንዱን ባሕር ዳር አስቀምጥ ነበር። ልጁ ካርዱን ሲቀበል እዚያው አስነብቦ፣ ፊቱንና ስሙን አይቶ ይውጣ። ስህተቱ ሮተርዳም ላይ ከሚገኝ እዚህ ቢገኝ ይሻላል።

ካዴት ከባሕር ዳር
ገባኝ። ካርዱ ስንት ዓመት ያገለግላል? ቢጠፋብኝስ?

የለገሃር መርከበኛ
ከ10 ዓመት አይበልጥም፣ ከመጀመሪያው 5 ዓመት በኋላም መታደስ አለበት። ከጠፋ ለካፒቴኑ ወዲያው ንገር፣ እሱም በኩባንያው በኩል ለሰጪው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ቁጥሩ ቋቱ ውስጥ ካልተሰረዘ ያገኘው ሰው ባንተ ስም ሊሞክርበት ይችላል። እና አስታውስ፣ መርከብ ልትይዝ ከቦሌ ስትበር ወይም ሥራ ጨርሰህ ስትመለስ ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ፓስፖርትም ያስፈልጋል። ያለ ቪዛ የሚባለው ከመርከብ ወርዶ መመለሱን ነው።

ካዴት ከባሕር ዳር
ጋሼ፣ እንዳሉኝ ወረቀቶቼን ዘርግቼ አየሁ። ፓስፖርቴና ሰርተፍኬቴ ላይ የልደት ዓመቴ በአንድ ይለያያል። ኅዳር ነው የተወለድኩት፣ ፓስፖርቱ ላይ 8 ደምረው ነው የጻፉት። የቱን ላስተካክል?

የለገሃር መርከበኛ
ፓስፖርቱን። ሌላው ሁሉ የሚከተለው እሱን ነው። የልደት ምስክር ወረቀትህን ዋናውን ይዘህ ኢሚግሬሽን ሂድ፣ ፋይዳህ ላይም ዓመቱ እንዴት እንደተመዘገበ ከመሄድህ በፊት እይ። የፓስፖርቱ እርማት ሳያልቅ ለሌላ ሰነድ አታመልክት፣ የተሳሳተው ዓመት ወደ አዲሱም ይዞርብሃል። ሲያልቅ እዚህ ጻፍልኝ፣ ለሚቀጥለው ማመልከቻ የሚያስፈልገውን አብረን እናያለን።